ድስቱ ለየብቻ ድንኳኑ አንድ፦ ለድሬ ልጆች

ልጆቼ እንዴት ሰነበታችሁ።

ይሄን የምጽፈው አንድ ልጅ ጠይቆኝ በደንብ ስላልመለስኩለት ነው። የሰፈራችን ሰንበት ተማሪ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እየፈለገ ያለ ልጅ፣ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ በር ላይ ጠበቀኝና ነጠላውን ሳያወርድ "ጋሼ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ ቢገባ ሀጢያት ነው እንዴ? ካልገባንስ አገሩን ለማን ነው የምንተወው?" አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ስለነበር ና ግባ ብዬ ውሃ ሰጥቼው አንድ ሰዓት ያህል አወራን፣ ከሄደ በኋላ ግን የመለስኩለት ነገር ለራሴም አልጣመኝም፣ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ይሄው ለሱም ለናንተም መልሴ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጠበቃ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ የድሮ ሰዎች ሸመንደፈር የሚሉት፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ተምሬ ከ1979 ጀምሮ 34 ዓመት በድሬዳዋ ፍርድ ቤቶች ደጃፍ ነው ያረጀሁት። አብዛኛው የያዝኩት መዝገብ የቤተሰብ ነው፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ አባትነት ምናምን። ስለዚህ ስብከቱን ለአባቶች ትቼዋለሁ፣ እነሱ ያውቁበታል። እኔ የማውቀው ሰው እምነቱን ደጅ አውልቆ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚመጣ ነው።

ልጁ የጠየቀኝ ስለ ፖለቲካ ነው ግን ታገሱኝ ከቤት ልጀምር።

አንድ ሰው ነበር ስሙ ይቅር። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሲሚንቶ በመኪና የሚያራግፍ፣ በየዓመቱ ታህሳስ 19 ጃንጥላውን ይዞ ደንገጎን አቋርጦ ቁልቢ ገብርኤል ስለቱን የሚያገባ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚቀበለው ሰው። ሚስቱ እኔ ቢሮ መጥታ ቁጭ አለች። ሦስት ልጅ አለ፣ የቤት ኪራይ አራት ወር አልተከፈለም፣ የትልቁ ልጅ ዩኒፎርም የለም። ያስለቀሳት ግን ችግሩ አልነበረም፣ "ጋሼ እሱ እኮ በየሰንበቱ ለነዳያን ይመጸውታል፣ እኛ ነዳያን አንመስለውም ወይ?" ነው ያለችኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ክሱ ሲሰማ ሰውዬው ተነሳና ለዳኛው "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባል የሚስት ራስ ነው ይላል ቅዱስ ጳውሎስ" አለ። ጥቅሱ እውነት ነው ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ግን ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ ባሎችን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደዳት ሚስቶቻችሁን ውደዱ ይላል፣ እንዴት እንደወደዳት ሲናገርም ራሱን አሳልፎ ሰጠላት ነው የሚለው። ራስ መሆን ማለት መጀመሪያ የሚራብ መጨረሻ የሚበላ መሆን ነው እንግዲህ። ያ ሰውዬ የላይኛውን ቁጥር አንብቦ የታችኛው ላይ ሳይደርስ መጽሐፉን የዘጋ ሰው ነው፣ እንደሱ ያለ ደግሞ በጣም ብዙ አጋጥሞኛል።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ከአማኝ ጓደኞቼ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ይሄ ወጣና ባልና ሚስት እኩል መብት አላቸው ተባለ፣ እዚህ ድሬ በፌዴራል ሥር ስለሆንን በቀጥታ በሱ ነው የምንሠራው፣ ሐረር ክልል ስለሆነ የራሱን አወጣ። ያኔ ጓደኞቼ "ክርስቲያናዊ ቤተሰብን አፈረሱት" ብለው ተቆጡ። እኔ በአሮጌው ሕግ 13 ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ በነዛ 13 ዓመታት በዛ አንቀጽ ተመክቶ ሚስቱን ሲያስለቅስ ያየሁት ባል ብዙ ነው፣ ሚስቱን አብልጦ ሲወዳት ያየሁት ግን አንድም የለም። ታዲያ የፈረሰው ምኑ ነው? ሚስቱን እንደ ክርስቶስ የሚወድ ሰው ከ1992 በኋላም ማንም አልከለከለውም።

ይሄን ስል ዘመኑን ለመምሰል የምሸራርፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከጋብቻ በፊት መጠበቅ ይቻላልም ይገባልም እላለሁ፣ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው የሚለውን ቃል ፍቺ እየተሟገትኩ እንኳን ከልቤ አላወጣሁትም። ሕጉ በስምምነት ለሚፋቱ ሰዎች ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፣ እና እኔ ባለጉዳዮቼን ይቺን ሦስት ወር እንዲሁ አታሳልፏት፣ ሽማግሌም የንስሐ አባትም ጋ ሂዱባት እያልኩ እለምናቸው ነበር። ብዙዎቹ አልሰሙኝም። አንዳንዶቹ ሰምተውኝ መዝገቡን አዘግተው የሄዱ አሉ፣ አንዶቹ ልጃቸውን ሲያጋቡ ጠርተውኝ ሄጃለሁ። መመታት ግን ሌላ ነው። የሚደበድብ ባል ያላት ሴት ታገሺ፣ ቻይው፣ መስቀልሽ ነው ስትባል ሰምቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፣ ሰምቻለሁ፣ ያውም ከሽማግሌ አፍ። እንደዛ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ ልጅቷን ይዛችሁ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ከዛ ፖሊስ ጋ ነው የምትሄዱት፣ ሽምግልናው በኋላ ይደርሳል።

የራሴንም ልንገራችሁ ካልነገርኳችሁ ደብዳቤው ሙሉ አይሆንም። ልጆቼ ትንሽ በነበሩ ጊዜ ጠዋት ፍርድ ቤት ማታ ቢሮ ሰንበት ደግሞ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ነበር ኑሮዬ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው የምደክመው ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። አንድ ቀን ትልቁ ልጄ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ለእናቱ "አባዬ እኛ ቤት የሚመጣው መቼ ነው?" ብሎ ሲጠይቃት ከጓዳ ሰማሁት። አባታችን ሆይ ያስተማረቻቸው ሚስቴ ናት፣ ጾም ያስለመደቻቸው ሚስቴ ናት። ከዛ በኋላ ነው ማታ ማታ አብረን ቆመን መጸለይ የጀመርነው፣ አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው፣ ስንጀምር ሁላችንንም አሳፍሮን ነበር እውነቱን ለመናገር፣ ግን እስከዛሬ አለ። ልታገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሯት፣ ደሞዛችሁንም ለትዳር አጋራችሁ ግልጽ አድርጉ። የተደበቀ ደሞዝ ስንት ቤት እንዳፈረሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ ለመጻፍ የሚከብደኝ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች፣ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት በሠራተኝነት የምትኖር፣ አርግዛለች፣ ያስረገዛት የቤቱ ልጅ ነው። ቤተሰቡ አጥባቂ የሚባል ነው፣ ጾም የማይፈታበት ቤት። እና እናትየዋ ስማችን እንዳይነሳ ብላ አስወርጂው ብላ ብር ሰጥታ አባረረቻት። ልብ በሉ፣ እቺ ሴትዮ በአደባባይ ስለ ጽንስ ማስወረድ ብትጠይቋት ሀጢያት ነው ብላ ነው የምትመልስላችሁ፣ እኔም እንደሷው ነው የማምነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ማስወረድ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፣ ብዙ አማኞች አንቀጹ ላይ ቅሬታ አለን፣ ሕግ ሲረቀቅ ሕዝብ ይጠየቃልና እዛ ሄዶ ማለት የሚገባንን በጨዋ ቋንቋ ማለት መብታችን ነው። ግን በዛች ቀን ልጅቷን ገደል አፋፍ ያደረሳት አንቀጹ አልነበረም፣ ማደሪያ ማጣቷ ነው። ሚስቴ ወስዳ እኛ ቤት አስተኛቻት። እኔ ልጁ ላይ የአባትነትና የቀለብ ክስ መሠረትኩ፣ ያለ ክፍያ። ሕፃኑ ተወለደ፣ ክርስትናም ተነሳ። ሕይወት ቅዱስ ነው የምትሉ ልጆች፣ እኔም እላለሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ትርፍ ፍራሽ ይኑር።

ወደ ባህሉ ልምጣ። የሴት ልጄ ሰርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ ምክንያቱም የማስበውን ሁሉ ከሱ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። የድሬ ልጅ የሆነ ያውቀዋል፣ እኛ አገር ድግስ ሲደገስ ለክርስቲያን ለብቻ ይታረዳል ለሙስሊም ለብቻ ይታረዳል። ጎረቤታችን ሐጅያ፣ የግቢያችን ግንብ ነው የሚለየን፣ ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መጣችና "የኛን ሰው እኔ ነኝ የማበላው አትጨነቁ" ብላ አራጁን ራሷ አምጥታ፣ ትልቅ ድስቷን ከቤቷ አሸክማ፣ ከሴት ልጆቿ ጋር ግቢያችን ጥግ ሦስት ጉልቻ ጥላ ሌሊቱን ስታበስል አደረች። የኛ ሴቶች በዚህ በኩል እነሱ በዛ በኩል፣ ሽንኩርቱ ግን አንድ ላይ ነው የተከተፈው። ድስቱ ለየብቻ ነው፣ ድንኳኑ አንድ ነው። እሷ ከኛ ሥጋ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም፣ እኛም ከሷ አልቀመስንም፣ ማንም ቅር አላለውም።

ይሄን አስቡበት እስቲ። አንዳንዱ ሰው መቻቻል ሲባል ድስቱን ማቀላቀል ይመስለዋል፣ ሁሉም አንድ ነው ምናምን ይላል፣ እሱ ለኔ እምነት አይደለም፣ እምነቱ የቀለለበት ሰው የጎረቤቱም እምነት ይቀልበታል። ሌላው ደግሞ ድስቴ ለብቻ ከሆነ ድንኳኑም ለብቻ ይሁን የሚል አለ፣ እሱ ደግሞ አሁን አሁን ስልክ ላይ በዝቷል። እኛ ልጅ ሆነን ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር ስንሄድ የጓደኞቻችን እናቶች በጾማችን ቀን ምን እንደምንበላ ከኛ በላይ ያውቁ ነበር፣ "ዛሬ ሮብ ነው ይሄ አይሆናችሁም" ብለው ወተቱን ያነሱብን ነበር። ጾሜን የጠበቁልኝ የሙስሊም እናቶች ናቸው።

ታዲያ ዛሬ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ የሰው ሃይማኖት እየተሳደበ ለቤተ ክርስቲያን ጥብቅና የቆምኩ የሚመስለውን ልጅ ሳይ ያንገበግበኛል። እኔ ጥብቅና ሙያዬ ነው፣ በስድብ የተረታ መዝገብ እንጂ የረታ አላየሁም። ያውም በጾም! አፉን ከወተት ከልክሎ ኮሜንት ላይ ሰው ሲበላ የሚውል አለ። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይሄን ጽሑፍ የሐጅያ ልጅ ብታነበው ፊቷን አያታለሁ ወይ በሉ።

ስለ ሰርግ ወጪም ብዙ ማለት ይቻላል፣ ለዲኮርና ለቬሎ ተበድሮ እዳውን እየከፈለ የተፋታ ሰው መዝገብ ይዣለሁ፣ ይብቃን። ጫትም እንደዛው፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለበርጫ የሰጠ ወጣት ማታ ለጸሎትም ለሥራም ለትዳርም የሚሆን ጉልበት የለውም፣ የሚቅመውን ጎረቤታችሁን ግን አትናቁት፣ እናንተ ብቻ አትቀመጡ።

አሁን ፖለቲካው።

እኔ አብዮቱ ሲፈነዳ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዛ በፊት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ ንጉሡ የሷ ጠባቂ ነበሩ። ብዙዎቻችሁ ያን ዘመን ሳትኖሩበት ትናፍቁታላችሁ፣ አይፈረድባችሁም። ግን የሆነውን እዩ። ንጉሡ ሲወርዱ፣ በ1967 መሬት ሲወረስ፣ ቤተ መንግሥቱን ተደግፎ የነበረው ሁሉ አብሮ ተናጋ። ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም እዛው 1971 ላይ ነው ወስዶ የገደላቸው። እኔ 21 ዓመቴ ነበር፣ ማውራትም አይቻልም፣ አባቴ ማታ መብራቱን አጥፍቶ ነው የጸለየላቸው። የመንግሥት ክንድ ዛሬ ቢያቅፍህ ነገ እሱው ክንድ ነው አንገትህን የሚይዝህ፣ ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት።

ስለዚህ "መንግሥት የኛን ሃይማኖት ሕግ ያድርግልን" የሚል ሐሳብ ሲመጣላችሁ ድሬዳዋ ላይ ቆማችሁ አስቡት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ እምነትህን በግልም በጋራም እንድትገልጽ መብት ይሰጥሃል። እዚህ ከተማ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፣ ስንት ጊዜ ከቃዲዎቹ ጋር ቡና ጠጥቻለሁ፣ እና ሕጉ ተከራካሪዎቹ ካልፈቀዱ ጉዳዩን አያይም ነው የሚለው። አንድ ክርስቲያን ያለ ፈቃዱ እዛ ቢጎተት ምን ይሰማን ነበር? የኛንም በሌላው ላይ በግድ አንጭንም ማለት ነው። ይሄ ፍርሃት አይደለም፣ ክርስቶስ ራሱ በር ላይ ቆሜ አንኳኳለሁ ነው ያለው፣ በሩን ሰብሬ እገባለሁ አላለም።

እና ልጄ፣ ግባ ወይስ አትግባ ላልከኝ፣ ዳንኤልን አንብበው። ዳንኤል የባቢሎን መንግሥት ሹም ነበር፣ ያውም ትልቅ ሹም። ግን ከንጉሡ ማዕድ አልበላም። ንጉሡ ድስቱን ይለውጥ ብሎ ሰልፍ አልወጣም፣ ሌሎቹ የሚበሉትንም አልገለበጠባቸውም፣ ለኔ ጥራጥሬና ውሃ ይሰጠኝ ነው ያለው፣ ከዛ ሥራውን ከሁሉ አብልጦ ሠራ። በኋላ ጸሎት ሲከለከል ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ ጸለየ፣ ወደ ጉድጓዱም ገባ። እንደዛ መሆን ከቻልክ ግባ። የጨረታ ሰነድ ጠረጴዛህ ላይ ሲመጣ ዘመድህ እንዳለበት እያወቅህ በነጥቡ ብቻ መስጠት ከቻልክ ግባ። "ሻይ" ሳይሰጥህ ፋይሉን ማንቀሳቀስ ከቻልክ ግባ። እኔ ሥራ ስጀምር መዝገብ እንዲወጣልኝ ብዬ አንድ ሁለቴ ሰጥቻለሁ፣ ሁሉም ይሰጣል ብዬ፣ ንስሐ ገብቼ ነው የተውኩት፣ ከተውኩት በኋላ መዝገቦቼ ዘገዩ፣ ባለጉዳይም ሸሸኝ፣ ይሄንንም ሳልደብቅ ልንገርህ ዋጋ አለው።

የፓርቲህን ቲሸርት ለብሰህ ግን ቅጥር ግቢ አትግባ። የብሔርህንም እንደዛው ደጀ ሰላም ላይ አውልቀው። በ2015 ጥር ላይ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ ኤጲስ ቆጶሳት ተሹመው ሲኖዶሱ ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰን ነው የጾምነው፣ አብረን ስንቀድስ የኖርን ሰዎች ቋንቋ እየቆጠርን ለመተያየት ተቃርበን ነበር። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ፖለቲካው ቤተ ክርስቲያን የገባው በር ተሰብሮ አይደለም፣ እኛው ነን በነጠላችን ሸፍነን ያስገባነው።

ከታች ጀምር ደግሞ። ሁሉም አገር ሊያድን ይፈልጋል፣ የቀበሌ ስብሰባ ግን ባዶ ነው። ትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሰው የለውም፣ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ማማረር እንጂ ተደራጅቶ የሚጠይቅ የለም። ኤርምያስ ባቢሎን ለተማረኩት ሲጽፍ የዚያችን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ በእሷ ሰላም ሰላም ይሆንላችኋል ነው ያላቸው፣ እሷ ደግሞ የነሱ ከተማ እንኳን አልነበረችም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ቀን ነው የቀረው፣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ጠዋት ጭቃ ውስጥ ገብተን ስንፈልግ የማን ልጅ ነው የሚል እንጂ የየትኛው ሃይማኖት ልጅ ነው የሚል ሰው አልሰማሁም። እኔ አካፋ ይዤ ከአንድ ኡስታዝ ጋር እስከ ማታ ቆፍሬያለሁ፣ ስሙን ሳልጠይቀው ተለያየን። ለከተማህ መሥራት ምን እንደሚመስል ስትጠይቀኝ ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው።

ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ በረድ ሲል ቤቴ እገኛለሁ፣ ጓደኞችህንም ይዘህ ና። ስለ ቀበሌው የትምህርት ኮሚቴ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ ሁለት ሰው ጎድሏቸዋል።

ሐጅያ ባለፈው ዓመት አርፋለች። ድንኳኑን የተከሉት የኛ እድር ልጆች ናቸው፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር እስከ መቃብሩ ሸኝቻለሁ። ከለቅሶው በኋላ ልጇ ያንን ትልቁን ድስት አሸክማ መጣችና "እማዬ የናንተ ትንሿ ልጅ ስታገባም እዛው ነው የማበስለው ትል ነበር፣ እናንተ ጋ ይቀመጥ" አለችን። ሚስቴ አጥባ ጓዳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰቅላዋለች። የኛን ምግብ ማንም አይሠራበትም።